በኮልፌ የተሸመነው ገነትና እሳት

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ነው ያየሁት። ዚፕና ቁልፍ፣ መርፌና ገበር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች፤ ባለሱቁ ጠዋት ጠዋት ክሩን በር ላይ በሚስማር አንጠልጥሎ ያወጣል። ሌላ ቀን ቢጫው ከሐምራዊው፣ ወርቃማው ከነጩ ተደባልቆ ነው የሚሰቀለው። የዚያን ዕለት ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ቀዩንና አረንጓዴውን ከሌላው ለይቶ ጎን ለጎን ሰቅሏቸዋል። ካለሁበት ንቅንቅ ማለት አቃተኝ። ታክሲው መጣ፣ ሰዉ እየተጋፋ ገባ፣ ወያላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እማማ፣ ይገባሉ አይገቡም? አንድ ሰው ነው የቀረኝ!» አለኝ። «ሂድ አንተ፣ አትጩህብኝ» አልኩት። «ኧረ እኔ ምን አጠፋሁ እማማ» እያለ በሩን ጠረቀመው። እውነቱን ነው፣ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር ለመጣላት ዝግጁ ነበርኩ።

ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገብቶልኛል። የላከችው ናዲያ ናት። ናዲያ ኮልፌ ተወልዳ፣ በእኛ ግቢ ጭቃ አቡክታ ያደገች፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ ወላጆቿ ይዘዋት ወደ ጋዛ የተመለሱ የፍልስጤም ልጅ ናት። አሁን ልጇን ይዛ ሸሽታ ካይሮ ገብታለች። አማርኛዋ እዚህ ጥላው የሄደችው የሕፃን አማርኛ እንደሆነ ቀርቷል፤ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት ሴት በዚያ አንደበት ሞት ስታወራ መስማት አንጀት ይበላል። «አልማዝዬ» አለችኝ፣ «እማዬ ሞተች። መድኃኒት የለም። ድንኳን ውስጥ ሞተች። ቤታችን የለም፣ ሳንዱቁ የለም፣ ቀሚሱ የለም። ልጄ ልታገባ ነው አልማዝዬ። የእማዬ ጨርቅ እናንተ ጋ ቁራጭ አለ? ትንሽዬ። ሙሽራዋ በእጇ እንድትይዘው።»

መልእክቱን ለወንድሜ ለደሳለኝ አሰማሁት። ደሳለኝ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል፣ ግን ባሏ ሞቶ ብቻዋን የቀረች እህቱን ሊጠብቅ እኔ ወዳለሁበት የአባታችን ቤት ከገባ ጀምሮ ታላቄ የሆነ መስሎታል። ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን ጠረገ። «ምን ልትያት ነው?» አለኝ። «ያለን እኮ ያ የተበላሸው ብቻ ነው።»

የተበላሸው ምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። ዓመቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት የተለወጠበት፣ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ማርሽ የሚያሰማበት፣ ማታ ማታ ሰዓት እላፊ የታወጀበት ዘመን ነው ካልኩ ይበቃል። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ዳቦ በአሥር ሳንቲም እንደነበረ፣ ቀይና ቢጫው አውቶቡስ በአሥራ አምስት ሳንቲም መርካቶ እንደሚያደርሰን፣ ክረምት ሲገባ ከፌርማታው እስከ ቤታችን ያለውን ጭቃ ለመሻገር ጫማችንን አውልቀን በእጃችን እንደምንይዝ። ወንዶቹ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰው፣ አፍሯቸውን ነፍተው፣ ያንኑ ጭቃ ሳይነካቸው እንዴት ይሻገሩት እንደነበር ዛሬም ይገርመኛል። ደሳለኝ ራሱ አንዱ ነበር። አሁን ራሱ ላይ ዝንብ ብታርፍ ያንሸራትታታል፣ ይህን ስለው ይቆጣል። ማዕዘኑ ላይ የነበረችው ቡና ቤት እስከ ሰዓት እላፊ ድረስ ሸክላ ታጫውታለች፤ እናቴ ባለቤቷን በክፉ ዓይን ነው የምታያት፣ ግን ጥሩ ዘፈን ሲመጣ እንዝርቷን በዜማው ልክ ስታሾር ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ዛሬ ያ ማዕዘን የለም። መንገዱ ሲሰፋ ቡና ቤቷም፣ የጫማ ሰፊው ዳስም፣ የእኛ የፊት አጥርም አብረው ሄዱ። አንዳንዴ አውቶቡሱ የሚቆምበትን ቦታ ለማግኘት ቆሜ አስባለሁ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ጋሽ ሻንካ ይሉታል፣ ከጋሞ ደጋ በወጣትነቱ መጥቶ ኮልፌ የከተመ። ከዋናው ቤት ጎን ባለችው ክፍል መሬቱን ቆፍሮ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ ከወገቡ በላይ ብቻ እየታየ ነው የሚሠራው። ማጉን ወርውሮ በመታ ቁጥር የሚወጣው ጧ ጧ የሚል ድምፅ መንገድ ድረስ ይሰማል። የሸማኔ ልጅ መሆን በዚያን ጊዜ የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ሰው አባቴ የሠራውን ነጠላ ለብሶ ሠርግ ይሄዳል፣ አባቴን ግን ሠርጉ ላይ ጥግ ነው የሚያስቀምጠው። ትምህርት ቤት የአባትሽ ሥራ ምንድነው ሲሉኝ ነጋዴ ነው እል ነበር። የሠራውን ይሸጥ የለ ወይ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፣ ሸማኔ ነጋዴ እንዳልሆነ እያወቅኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። ጥቁር ሰማያዊ ረጅም ቀሚስ፣ ነጭ ሻሽ፣ በእጇ ዘንቢል። ውሻችን እንኳ ግራ ገብቶት አልጮኸም። በእኛ ሰፈር አረብ ሲባል ሱቅ ያላቸው የመኖች ናቸው፤ የአንዳቸው ሚስት መሰለችን። ማንንም ሰላም ሳትል ድምፁን ተከትላ ወደ ሽመናው ክፍል አለፈች፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለች፣ የተወጠረውን ድር በመዳፏ ዳበሰችው። አባቴ ልትገዛ የመጣች መስሎት «ይሄ ተይዟል፣ የሌላ ሰው ነው» አላት። እሷ ግን እንባዋ ይወርድ ነበር። ወደ ጉድጓዱ ጠቆመች፣ ደረቷን መታ መታ አደረገች፣ በተሰባበረ አማርኛ «አባቴ» አለች። «አባቴ እንዲህ ነው። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ።» አንገቷን ቀና አድርጋ ነው ያለችው። ያን ቃል እንደዚያ አድርጎ የሚናገረው ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

እትዬ ሱዓድ ትባላለች፣ የናዲያ እናት፤ ያኔ ናዲያ ገና አልተወለደችም። ባሏ ኻሊል የክር ፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነው፣ ለሥራ ተቀጥሮ ከነሚስቱ መጥቶ ከእኛ ጀርባ ባለው ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቷል። ታሪኳን በአንድ ጊዜ አልነገረችንም፤ አማርኛዋ ባደገ ቁጥር ታሪኩም ይረዝም ነበር። የተወለደችው መጅደል በምትባል ከተማ ነው፣ ከየቤቱ የሽመና ድምፅ በሚሰማባት። ገና በእቅፍ እያለች ጦርነት መጣና ሕዝቡ ወደ ጋዛ ተሰደደ። ከተማዋ ዛሬ ስሟም ሌላ ነው። አባቷ መጠለያው ውስጥ ድንኳን እንደተሰጠው መጀመሪያ ያደረገው ነገር የሽመና ጉድጓድ መቆፈር ነበር። መሬቱ አሸዋ ነው፤ ይቆፍራል ይናዳል፣ ይቆፍራል ይናዳል። ጎረቤቶቹ «ምስኪን፣ ሐዘኑ ነካ አድርጎታል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ቤታችን ለምንመለሰው ምን ያስቆፍረዋል» ይሉ ነበር አሉ። በመጨረሻ የእርዳታ ሳጥን ፈልቅቆ በጣውላው ግድግዳውን ደገፈና ገብቶ ተቀመጠበት። «ወደ ቤት አልተመለስንም» አለችን ሱዓድ፣ «ጨርቁ ግን ተሠራ።» አባቴ መወርወሪያውን አስቀመጠ። ከዚያ በጋሞኛ አንድ ነገር አጉረመረመ። እናቴን ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። «ወንድ ነው አለ» አለችኝ።

ስለ አረብ እናውቃለን የምንለው ነገር ሁሉ እሷ ላይ አልሠራም። በርበሬ አትችልም ብለን አልጫ ሠርተን ጠራናት፤ ቀምሳ ዙሪያዋን አየችና «ሚጥሚጣ የለም?» አለች። ቃሪያውን ከእንስላል ፍሬ ጋር በሙቀጫ ወቅጣ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ ዘይት አፍስሳበት ስትሰጠን ደሳለኝ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ሮጦ ወደ ቧንቧ ሄደ። ጋዛ እንዲህ ነው የሚበላው አለችው እየሳቀች። አባቴን «አንቺ»፣ እናቴን «አንተ» ትላለች፤ ሲያርሟት ትስቅና ያንኑ ትደግመዋለች። ሰዓት እላፊ ሲደርስ ሰፈሩ በጥድፊያ በሩን ሲዘጋ እሷ አትርበተበትም። «ይሄን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ» ትላለች፣ «በጊዜ ኑ፣ እኔ ጋ እደሩ፣ ሻይ እናፈላለን።» እናቴ ፈቅዳልኝ ስንት ሌሊት እሷ ቤት አድሬያለሁ። ከውጭ የምንሰማውን ድምፅ እንዳልሰማን እየሆንን፣ እሷ የአባቷን የሽመና ዜማ ታንጎራጉራለች፣ እኔ ናዲያን አስተኛለሁ።

ያቺ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ አባቷ ከመሞቱ በፊት የሠራላት የመጨረሻው ጨርቅ ናት። ብብቷ ላይ ሳስታለች፣ ጫፏ ተበልቷል። አንድ ቀን ለብሳት መጥታ አባቴ ፊት ቆመችና እንዲህ ያለ ለናዲያ ሥራልኝ አለችው። ስታድግ የምትለብሰው፣ ስታገባ የምትለብሰው። ቀሚሱ ላይ በግራና በቀኝ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀይና አረንጓዴ መስመር አለ። ስሙ ገነትና እሳት ነው አለች፤ አረንጓዴው ገነት፣ ቀዩ እሳት። በእነሱ ቤት እሳቱ ከውጭ፣ ገነቱ ከውስጥ ወደ ገላ ነው። አባቴ ከተቀመጠበት አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየና ዓይኑን መለሰ። የሰው ሚስት የለበሰችውን ቀሚስ ጠጋ ብሎ በጣት እየያዙ ማየት ለሱ የማይታሰብ ነገር ነው፤ አውልቀሽ አምጪው ማለት ደግሞ ከዚያም የባሰ። ደግሞም የገባው መሰለው። የእኛም ቀሚስ ላይ ጥለቱ ከደረት ወደ እግር ይወርድ የለ? ሸማኔው ግን ጨርቁ ጫፍ ላይ ነው የሚሠራው፣ በማግ፤ ወደ ታች እንዲወርድ የሚያዞረው ልብስ ሰፊው ነው። ባሕር ማዶ ያለ ሸማኔም ከዚህ ሌላ ያደርጋል ብሎ አባቴ በሕልሙም አላሰበም።

ጥቁር ሰማያዊውን ክር መርካቶ ሄዶ ራሱ መርጦ አመጣ። ሌላ ሥራውን አቁሞ ሠራው። ሲጨርስ እናቴ አጥባ አጣጠፈችው፣ ሱዓድን አስጠራናት። ሱዓድ ጨርቁን ዘረጋችው። መሃሉ ሙሉ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ገነትና እሳት፣ ልክ እንደ ነጠላ ጥለት። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። እናቴ ዝም ማለት አልቻለችም፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አለባበሱን ታሳያት ጀመር። ለደስታ ሲሆን ጥለቱ እንዲህ ወደ ታች ወደ እግር ይወርዳል፣ ለለቅሶ ሲሆን ይገለበጥና ጥለቱ እንዲህ ወደ ላይ ወደ አንገት ይወጣል፣ ሰው ከሩቅ አይቶሽ ሐዘን ላይ እንዳለሽ ያውቃል። ሱዓድ አንዴ ጨርቁን አንዴ እናቴን ስታይ ቆየችና ሳቀች። ሳቋ አልቆም አለ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ምን ሆነ?» አለ። «ጋሼ ሻንካ» አለችው ትንፋሿን ሰብስባ፣ «አንቺ ገነትና እሳትን መጨረሻ ላይ አደረግሽው። እኛ ጋ መጨረሻ ላይ አይደለም። በዳሩ ነው፣ በሁለቱም ዳር። ከሰው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ከመጀመሪያ።»

አባቴ ያን ማታ እራቱን አልበላም። ጠዋት ግን እናቴን ልኮ ቀሚሱን አስመጣ። ሱዓድ የእናቴን የጥምቀት ቀሚስ ለብሳ እኛ ቤት ተቀመጠች፣ እንዴት እንዳማረባት፤ አባቴ ደግሞ የሷን ገልብጦ፣ ወደ ብርሃን ይዞ፣ እያንዳንዱን ክር አየው። መስመሩ በማግ የገባ አይደለም። ገና ድሩ ሲዘረጋ ነው ቀዩና አረንጓዴው ከዳር የሚሰለፉት፤ አንዴ ከተሰለፉ ሸማኔው ቢፈልግም ሊያቋርጣቸው አይችልም፣ ጨርቁ እስኪያልቅ አብረውት ይሄዳሉ። «ኧረ ይሄ ሰውዬ» አለ አባቴ ለማያውቀው ለሱዓድ አባት፣ ቀሚሱን በእጁ እንደያዘ። ከዚያ ድሩን እንደ አዲስ ዘረጋ። ሱዓድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ታንጎራጉራለች፣ አባቴ በዜማዋ ልክ ይመታል፣ ደሳለኝ ክር ያቀብላል፣ እኔ አጠነጥናለሁ። ተሠራ። ሱዓድ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችውና «መጅደል ኮልፌ መጣች» አለች።

ያ የተበላሸው እኛ ጋ ቀረ። እናቴ የሬዲዮ ልብስ አደረገችው፣ ከዚያ እኔ ወልጄ ልጆቼን አዘልኩበት፣ ከዚያ ከብል ማባረሪያ ኳስ ጋር ሳጥን ገባ።

የኻሊል ኮንትራት ሲያልቅ ሄዱ። ሻንጣቸውን ተሸክመን እስከ ፌርማታው ሸኘናቸው፤ ናዲያ አልለቅሽም ብላ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለች። ሱዓድ የአባቴን እጅ ይዛ «ጋሼ ሻንካ፣ እናንተ ብትረሱት እኔ ጋ አለ። እኔ ጋ ቢጠፋ እናንተ ጋ አለ» አለችው። አባቴ ሸማኔ ነው፣ ንግግር አያውቅም፣ እጇን ብቻ አጥብቆ ያዘ። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድም ሁለትም ጊዜ ፎቶ ይመጣ ነበር። በአንዱ ላይ ናዲያ ሙሽራ ሆና በአባቴ ጨርቅ የተሰፋላትን ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፣ በግራና በቀኟ ገነትና እሳት ከትከሻዋ እስከ እግሯ ይወርዳሉ። አባቴ ያንን ፎቶ ጉድጓዱ አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጥፎት፣ ፎቶው እዚያው እንዳለ እሱ ሞተ።

አሁን እንግዲህ ቴሌቪዥኑን ስከፍት የማየውን ሁላችሁም ታዩታላችሁ። ሰዉ ያልቃል፤ እሱን ለማየት ልብ ያስፈልጋል። ከሰዉ ጋር ደግሞ የድሮው መስጊድ፣ የድሮው ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የአያት የቅድመ አያት ወረቀት የተቀመጠበት ቤት፣ ሁሉ ድንጋይ ሆኗል። እኔ ትልልቁን አላውቅም። እኔ የማውቀው አንድ ሳንዱቅ ነው። እዚያ ድንጋይ ስር አባቴ የሠራው ጨርቅ አለ፣ ከሱ ስር ደግሞ በአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ የተሠራው የሱዓድ አባት ጨርቅ አለ። ሁለት ጊዜ አሳደዱት፣ መጀመሪያ ከመጅደል፣ አሁን ከጋዛ። በዚህም አበቃ ተብሎ በዜና ይነገረኛል። የሚነግረኝ ልጅ ከረባቱን አስተካክሎ፣ ቅርስ ጠፋ ብሎ፣ ወደ ስፖርት ያልፋል። እኔ ደሜ ይፈላል። ማን ጠይቆኝ ነው የጠፋው?

ያን ዕለት ክሩን ገዝቼ ነው ከማዞሪያው የተመለስኩት። ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ከሌላ ሱቅ ፈልጌ። ቤት ስገባ ደሳለኝ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

«ተነስ፣ ቡፌውን እንግፋ» አልኩት።

ገባው። ደሳለኝ ሽመና ከተወ ቆይቷል፤ የአባታችን ጉድጓድ በጣውላ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ቡፌ ተቀምጦበታል። ብርጭቆና የልጆቼ የምርቃት ፎቶ የሚደረደርበት።

«አልማዝ፣ በጤናሽ ነው? ይሄ ጉልበት ከወረደ አይወጣም።»

«እኔ አወጣሃለሁ።»

«አንቺ? አንቺን ማን ይደግፋል?»

«ዝም ብለህ ግፋ።»

እየተሳደብን ገፋነው። ጣውላውን ስናነሳ የእርጥብ አፈር ሽታ ወጣ፣ የአባቴ ሽታ። ውስጡ የልጄ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የተሰበረ መወርወሪያና የክር ቅንጥብጣቢ ነበር። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ኮልፌ አሸዋ አይደለችም።

የተበላሸውን ከሳጥን አውጥቼ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። ከልጆቼ ክብደት የተነሳ ሳስቷል፣ ቀለሙ ግን አለ። ደሳለኝ አቀርቅሮ አየው። «ቁራጭ አይደል የፈለገችው? ጫፉን ቆርጠን እንላክላት» አለ። እኔ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። አባቴ ቦታውን ነው የሳተው እንጂ ሌላውን አልሳተም። እሳቱ ከውጭ፣ ገነቱ ከውስጥ፣ ስፋታቸው ሱዓድ በጣቷ እንዳሳየችው። ሁሉም እዚያ አለ፣ ተኝቶ። ጨርቁን ይዤ አዞርኩት፣ ወርዱ ቁመት እስኪሆን፤ ገነትና እሳት እንደ ሱዓድ ቀሚስ በግራና በቀኝ ዳር ቆሙ። ደሳለኝ «እህ» አለ። ሸሚዙን አወለቀና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን አወረደ።

ያን ማታ ለናዲያ መለስኩላት። ልጅ እያለች የምትሰማውን አማርኛ እየመረጥኩ፣ ቀስ እያልኩ። «ናዲዬ፣ ቁራጭ የለም። ቁራጭ አልልክልሽም። ሙሽራዬ ሙሉውን ነው የምትለብሰው።»

መሥራቱ ቀላል አልነበረም። የደሳለኝ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የእኔ ዓይን ቀይና አረንጓዴን ካልሆነ ሌላውን አይለይም። የመጀመሪያውን ድር አበላሽተን ፈታነው። ተጣላን፣ አኮረፍን፣ አባታችን ይህን እንዲህ ነበር የሚያደርገው አይደለም እንዲህ ነው ተባባልን። አንድ ከሰዓት በኋላ ደሳለኝ ሳያስበው የሱዓድን ዜማ አንጎራጎረ። ቃሉን አያውቀውም፣ እኔም አላውቀውም፣ ዜማው ግን ራሱ ነው። እጁ መንቀጥቀጡን ተወ። ጧ ጧ ሲል መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ቆመው ያዳምጡ ነበር አሉኝ።

ጨርቁን ቆርጠን ባወጣንበት ቀን ጽጌ መጣች። ጽጌ የእድራችን ሊቀመንበር ናት፣ ሰው ሲሞት ከሬሳው ቀድማ የምትደርስ። ነጠላዋን ገልብጣ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን አጥቁራ ገባች። «አሁን ገና ሰማሁ፣ ያቺ ሱዓድ አረፈች አሉ» አለች ሶፋው ላይ እየተቀመጠች። «ምን ይደረግ አልማዝ። ያ ሕዝብ እንደሆነ አለቀ። ከነ ታሪኩ ጠፋ።»

«ማን ነው ያለቀው?» አልኳት።

«እንዴ፣ ዜና አታይም?»

«አያለሁ። ማን ነው ያለቀው?»

ጽጌ ቁጣዬን ለሐዘን ቆጠረችው። ዓይኗ አልጋው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ አረፈ። «ለለቅሶዋ አሠርተሽ ነው? ደግ አደረግሽ፣ ደግሞ ጥቁር መሆኑ። ነይ ላልብስሽ» ብላ ተነሳች። ትከሻዬ ላይ ጣለችው፣ ስንት ሐዘንተኛ ባለበሰ እጇ ጫፉን ያዘች፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ ልታወጣ። ጫፉ ላይ ምንም የለም። ሌላውን ጫፍ ያዘች፣ እሱም ባዶ ነው። በቁመቱ አዞረችው፤ ገነትና እሳት አንገቴ ላይ ወጡ፣ ግን ጎንበስ ስትል እግሬ ላይም አሉ። ገለበጠችው። ያው ነው። እንደገና ገለበጠችው።

«አልማዝ፣ ይሄ ጨርቅ ለለቅሶ የሚሆነው በየት በኩል ነው?»

«በየትም በኩል አይሆንም» አልኳት። «ብታዞሪው ብታዞሪው እሺ አይልሽም። የሠርግ ነው፣ ጽጌ። የሱዓድ የልጅ ልጅ ልታገባ ነው።»

ጽጌ እጇ አየር ላይ ቀረ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሙሽራ፣ አንዴ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ደሳለኝን አየች። ከዚያ የራሷን ነጠላ አወለቀች፣ አራገፈችው፣ ገልብጣ ጥለቱን ወደ እግሯ አውርዳ ለበሰችና እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት እስኪወጣ።

«እልልታውን ተዉትና መጀመሪያ እኔን አውጡኝ!» አለ ደሳለኝ ከጉድጓዱ።

«አትወጣም» አልኩት፣ ሁለተኛውን ድር እያቀረብኩለት። «ያለቀው ለካይሮ ነው። አሁን ደግሞ እዚህ የሚቀረውን እንጀምር።»